ጋትስቢን ለክፍል ለምታነቡ፦ ከጭብጡ አትጀምሩ

በአሜሪካ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት የሚወስድ ሰው ውሎ አድሮ ከኤፍ. ስኮት ፊትዝጄራልድ ልብ ወለድ ከ«ታላቁ ጋትስቢ» ጋር መገናኘቱ አይቀርም። መጽሐፉ ቀጭን ነው። ምዕራፎቹ ዘጠኝ ብቻ ስለሆኑ በአንድ የዕረፍት ቀን የሚያልቅ ይመስላል፤ ብዙዎቻችንም በዚሁ ተዘናግተን ነው የምንገባበት። እኔ ያነበብሁት ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የማታ ተማሪ ሆኜ፣ ከዓርብ እስከ ሰኞ ደግሞ በአንድ ሆቴል የግብዣ አዳራሽ እየሠራሁ ነበር። ትምህርቱን ለማቋረጥ ጫፍ ደርሼ ተመልሻለሁ። ያተረፈኝ ልብ ወለዱን የምይዝበትን አቅጣጫ መቀየሬ ነው፤ እንግሊዝኛዬ እንደሆነ ያው ነበር። ስለዚህ ለቀጣዩ ሴሚስተር መጽሐፉን ገዝታችሁ ለተቀመጣችሁ ሁሉ፣ በተለይም ሥራና ትምህርት አጣምራችሁ ለምትሮጡ፣ የጠቀመኝንና ጊዜዬን የበላውን ለይቼ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሚያደናቅፈው የመጀመሪያው ገጽ ነው። ተራኪው ኒክ ካራዌይ ታሪኩን ከመጀመሩ በፊት አባቱ ስለሰጡት ምክር፣ በሰው ላይ ለመፍረድ ስለማይቸኩልበት ጠባዩ፣ ስለ ተስፋና ስለ ትዝብት ረጃጅምና ረቂቅ ዓረፍተ ነገሮችን ይደረድራል። ገና ማንነቱን ያላወቅነው ሰው ስለ ራሱ የሚያትተውን ይህን ሁሉ ቃል በቃል ለመረዳት መዝገበ ቃላት ይዞ መታገል ከንቱ ድካም ነው። እነዚያን ገጾች ለጊዜው አልፋችሁ ኒክ ወደ ቡካነኖች፣ ማለትም ወደ ዘመዱ ዴዚና ወደ ባሏ ቶም፣ ቤት ለእራት እስከሚሄድበት ድረስ ገስግሱ። እዚያ ሰዎች ይናገራሉ፣ ስልክ ይጮኻል፣ ባልና ሚስት በእንግዳ ፊት ይኳረፋሉ፤ መጽሐፉ የሚከፈተው እዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ምዕራፍ ዘጠኝን ከጨረሳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ አንብቧቸው። ያን ጊዜ ሌላ ነገር ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፤ ኒክን ስናነሳ እመለስበታለሁ።

ልብ ወለዱ የታተመው በ1925 ስለሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የነበረው የቅጂ መብት ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ላይ አብቅቷል። ስለዚህ ሙሉውን ጽሑፍ የነጻ መጻሕፍት ድረ ገጽ ከሆነው ከፕሮጀክት ጉተንበርግ በነጻና በሕጋዊ መንገድ ማውረድ ትችላላችሁ። ጠርዙ ላይ የምትጽፉበት የወረቀት ቅጂ ቢኖራችሁም እንኳ ይህን ዲጂታል ቅጂ ስልካችሁ ላይ አድርጉት፤ አንድ ቃል በመጽሐፉ ውስጥ የት የት እንደሚገኝ በደቂቃ መፈለግ መቻል ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ወረድ ብዬ አሳያችኋለሁ። በፊልሙ ግን አትተማመኑ። በ2013 በወጣው ፊልም ኒክ ታሪኩን የሚጽፈው በሕክምና ተቋም ተኝቶ ነው፤ በልብ ወለዱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ጨርሶ የለም። ይህን ፈተና ላይ የጻፈ የክፍላችን ልጅ መጽሐፉን አለማንበቡን በራሱ እጅ መስክሯል።

አገር ቤት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ አንጻር፣ ጭብጥ እየተባልን ስላደግን የአሜሪካ መምህራን የሚጠቀሙባቸው ጽንሰ ሐሳቦች እንግዳ አይሆኑብንም። ችግሩ «ጭብጡ ምንድን ነው?» ሲባል አንድ ምክር አዘል ዓረፍተ ነገር አውጥቶ መመለስን መልመዳችን ነው፦ «ገንዘብ ደስታን አይገዛም»፣ «ያለፈ ነገር አይመለስም»፣ «ከአቅም በላይ መመኘት ያጠፋል»። የመጀመሪያው ጽሑፌ የቆመው በእንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር፤ ርእሱም፣ እንደምትገምቱት፣ የአሜሪካ ሕልም ነበር። አረንጓዴው መብራት ተስፋን፣ ዴዚ ሀብትን፣ የአመድ ሸለቆው ድህነትን፣ በሸለቆው ላይ በማስታወቂያ ሰሌዳ የተሳሉት ግዙፍ ዓይኖች ደግሞ እግዚአብሔርን እንደሚወክሉ ጽፌ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ አንቀጽ መድቤ አስረከብሁ። መምህራችን ከዝቅተኛው ውጤት ግርጌ፣ በጽሑፉ ውስጥ ስሕተት የሚሉት ነገር እንደሌለ፣ ነገር ግን መጽሐፉን ያላነበበ ሰውም ሊጽፈው እንደሚችል አስፍረውልኝ ነበር።

አስተያየታቸው ልክ መሆኑን ለማየት አረንጓዴውን መብራት ብቻ መውሰድ ይበቃል። በምዕራፍ አንድ መጨረሻ የኒክ ባለጸጋ ጎረቤት ጋትስቢ በጨለማ ቆሞ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወደሚታየው ወደዚህ መብራት እጁን ይዘረጋል፤ ኒክም ሆነ እኛ መብራቱ የማን እንደሆነ ገና አላወቅንም። በምዕራፍ አምስት የቀድሞ ፍቅረኛው ዴዚ አጠገቡ ቆማ ያ መብራት የእርሷ ቤት ወደብ መብራት መሆኑን ሲነግራት፣ ኒክ መብራቱ ያ ታላቅ ትርጉሙ ጠፍቶ እንደገና ተራ የወደብ መብራት መሆኑን ይታዘባል፤ ምኞቱ የተሳካለት ሰው አንድ ነገር እንደጎደለበት ያስተውላል። በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ መብራቱ ያንን ምድር መጀመሪያ ካዩት የሆላንድ መርከበኞች መደነቅ ጋር ይያያዛል። «መብራቱ ተስፋ ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የሚያጣው ይህንን መለዋወጥ ነው። ጭብጡ ያለው ግን በመለዋወጡ ውስጥ ነው። አንድ ትእምርት ስታገኙ ምን እንደሚወክል ለመወሰን አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ስንት ጊዜ እንደሚመጣና በመጣ ቁጥር ምን እንደተለወጠ ጻፉ።

ከዚያ ውጤት በኋላ መምህራችንን ቢሯቸው ሄጄ ማነጋገር ነበረብኝ፤ በይሉኝታ ምክንያት አዘገየሁት። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። መምህርን ለብቻው ማስቸገር፣ በውጤት ላይ መከራከር መስሎ ይታየናል፤ እዚህ አገር ግን መምህሩ ለተማሪ ብለው የመደቡት የቢሮ ሰዓት የደመወዛቸው አካል ነው፣ ሳይመጡባቸው ሲቀሩ ነው የሚገርማቸው። ስትሄዱ «አልገባኝም» ብላችሁ ብቻ አትግቡ፤ ገጹን ገልጣችሁ «ይህ ቦታ ለምን እዚህ መጣ?» በሉ። እኔ ስሄድ መምህራችን ስለ አሜሪካ ሕልም አንዲት ቃል አላነሱም። ከክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ይበልጥ አንተ የምታውቀው ነገር የተጻፈበት ቦታ መጽሐፉ ውስጥ ይኖር ይሆን ብለው ጠየቁኝ። መጀመሪያ የለም ልል ነበር። ኋላ ግን የምዕራፍ ሦስት ሰኞ ትዝ አለኝ።

ምዕራፍ ሦስት የጋትስቢ ግብዣ የሚገለጽበት ታዋቂው ምዕራፍ ነው። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ሙዚቃውን፣ ሻምፓኙንና በአትክልቱ ስፍራ የሚርመሰመሱትን እንግዶች ነው። እኔ ግን በግብዣ አዳራሽ የምሠራ ሰው ስለሆንሁ ዓይኔ ያረፈው በመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ላይ ነበር። በየዓርቡ አምስት ሣጥን ብርቱካንና ሎሚ ከኒውዮርክ ይመጣል፤ በየሰኞው ያው ብርቱካንና ሎሚ ተጨምቆ፣ ለሁለት የተከፈለ ልጣጩ ተቆልሎ በጓሮ በር ይወጣል። ኩሽናው ውስጥ በግማሽ ሰዓት የሁለት መቶ ብርቱካን ጭማቂ የሚያወጣ መሣሪያ አለ፤ ይህ የሚሆነው ግን አንድ አሽከር ትንሿን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ሁለት መቶ ጊዜ ሲጫናት ነው። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ስምንት ሠራተኞች፣ አንድ ተጨማሪ አትክልተኛ ጨምረው፣ መወልወያና መፈግፈጊያ፣ መዶሻና የአትክልት መቀስ ይዘው እንግዶቹ ያበላሹትን ሲያቃኑ ይውላሉ። ኒክ ይህን የሚነግረን እንግዶቹን በስም ከማስተዋወቁ አስቀድሞ ነው። ሰኞ ጠዋት የአዳራሽ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ የደረቀ የወይን ጠጅ ያስለቀቀ ሰው ይህን አንቀጽ ዝም ብሎ አያልፈውም።

መምህራችን ሰምተውኝ ሲያበቁ የሰጡኝ መመሪያ አጭር ነበር፦ በመጽሐፉ ውስጥ የሚያጸዱ ሰዎችን ብቻ ተከተል፣ ጭብጡን ለጊዜው እርሳው። ይህን ሥራ ስጀምር ከዚያ በፊት ያላየሁት መጽሐፍ ወጣ። በምዕራፍ አምስት ጋትስቢ ዴዚን በኒክ ቤት ሊያገኛት ሲል የኒክ ሣር አላምር ብሎት፣ በዝናብ መሐል ሣር የሚያጭድ ሰው ይልካል። በምዕራፍ ሰባት ዴዚ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ መመላለስ ስለጀመረች ወሬ እንዳይወጣ ብሎ ሠራተኞቹን ሁሉ ያሰናብትና በምትካቸው የወንጀል ሸሪኩ ዎልፍሻይም ያመጣቸውን ሰዎች ያስገባል፤ ወዲያው የሸቀጥ አመላላሹ ልጅ ኩሽናው የአሳማ ጉረኖ መምሰሉን በመንደሩ ያወራል። በምዕራፍ ስምንት ኒክ ሌሊቱን እዚያ ሲገባ ቤቱ አቧራ ለብሷል። ያ ሁሉ ብልጭልጭ የቆመው በስምንቱ ሰዎች ጉልበት እንደነበር እዚህ ላይ ይታያል። የአመድ ሸለቆው ራሱ የከተማው ጥራጊ የሚራገፍበት ቦታ ነው፤ የቶም ውሽማ ሜርትልና ባሏ ጆርጅ ዊልሰን የሚኖሩት በዚያ ዳር ነው፣ የጆርጅ ልብስም ሁልጊዜ አመድ እንደለበሰ ነው።

ከዚያ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ስደርስ ኒክ በቶምና በዴዚ ላይ የሰጠው ዝነኛ ፍርድ ጠበቀኝ፦ ነገርንም ሰውንም ሰባብረው ወደ ገንዘባቸው የሚሸሹ፣ ያበላሹትን ሌሎች እንዲያጸዱላቸው የሚተዉ ግዴለሾች መሆናቸውን ይናገራል። ይህን ዓረፍተ ነገር ማጠቃለያዎች ሁሉ ይጠቅሱታል። የሰኞዎቹን ስምንት ሠራተኞች ይዞ ለደረሰ አንባቢ ግን ፍርዱ ቃል በቃል የሚነበብ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ባለጸግነት ማለት የራስን ቆሻሻ ሌላ ሰው እንዲጠርገው ማድረግ መቻል ነው። ታዲያ ጋትስቢ ከየትኛው ወገን ነው? ሜርትልን የገጨችው መኪናውን የምትነዳው ዴዚ ሆና ሳለ፣ ጋትስቢ ኒክን «የነዳሁት እኔ ነኝ እላለሁ» ይለዋል። የፈለገውን ያህል ሸሚዝ ከእንግሊዝ ቢያስመጣ፣ የፈለገውን ያህል ትልቅ ቤት ቢገዛ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት የቆመው ከሚያጸዱት ጋር ነው። ኒክም እንዲሁ፤ ጋትስቢ ከተገደለ በኋላ ቀብሩን የሚያሰናዳው፣ እንግዶቹን በስልክ የሚለምነው፣ በመጨረሻም አንድ ልጅ በጋትስቢ ደረጃ ላይ በጡብ የጻፈውን ብልግና በጫማው ፍቆ የሚያጠፋው እርሱ ነው። ሁለተኛው ጽሑፌ ይህ ሆነ። ውጤቱም ትምህርቱን አስጨረሰኝ።

ይህን የምነግራችሁ ሁላችሁም ስለ ጽዳት እንድትጽፉ አይደለም። ነርስ የሆነች ሰው የምታየው ሌላ ነው፤ ታክሲ የሚነዳ ሰው ሌላ ያያል። አንድ ተጨባጭ ድርጊት ወይም ዕቃ ምረጡና ከምዕራፍ አንድ እስከ ዘጠኝ ተከተሉት፤ ዲጂታል ቅጂው የሚጠቅማችሁም እዚህ ላይ ነው። ጭብጡ ራሱ መጥቶ ያገኛችኋል።

ወደ ገጸ ባሕርያቱ ልለፍ። ብዙ ተማሪ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የቅጽል ዝርዝር ያዘጋጃል፦ ቶም ጨካኝ፣ ዴዚ ውብና ደካማ፣ የዴዚ ጓደኛ ጆርዳን ቤከር አታላይ፣ ጋትስቢ ሕልመኛ። ይህ ለፈተና እንኳ አይበቃም። እኔን የጠቀመኝ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ መድቤ ስለ ራሱ የሚለውን፣ ሌሎች ስለ እርሱ የሚሉትንና ሲያደርገው የታየውን ለየብቻ መጻፍ ነበር። ጋትስቢን እንዲህ ስትይዙት ደራሲው እንዴት እንደሠራው ይገለጥላችኋል። በምዕራፍ ሦስት የምንሰማው ሐሜት ብቻ ነው፦ ሰው ገድሏል፣ የጀርመን ሰላይ ነበር። በምዕራፍ አራት እርሱ ራሱ የመካከለኛው ምዕራብ ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ነኝ ይልና ከየትኛው ክፍል ሲባል ሳን ፍራንሲስኮ ብሎ ይመልሳል፤ የአሜሪካን ካርታ አንዴ ያየ ሰው ውሸቱን ያውቃል። በምዕራፍ ስድስት ኒክ እውነቱን ያወጣዋል፦ ሰውየው ጄምስ ጋትዝ የተባለ የሰሜን ዳኮታ የድኻ ገበሬ ልጅ ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የባለጸጋውን የዳን ኮዲን ጀልባ በሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ሲያይ ስሙን ለወጠ። በምዕራፍ ስምንት ስለ ሉዊቪልና ስለ ዴዚ፣ በምዕራፍ ዘጠኝ ደግሞ ስለ ልጅነቱ እንሰማለን። የሰውየው ታሪክ ወደ ኋላ እየሄደ ይገለጣል፤ ሕፃንነቱን የምናውቀው ከሞተ በኋላ ነው።

ስለዚህ የጊዜ መስመር ሥሩ። የመጽሐፉን ቅደም ተከተል በአንድ በኩል፣ የድርጊቶቹን ትክክለኛ ዘመን በሌላ በኩል አስፍሩ። ልጁ ጋትዝ የዕለት ፕሮግራሙን በመጽሐፍ ጀርባ የጻፈው በ1906 ነው፤ ከዴዚ ጋር የተዋወቁት በ1917፤ እርሷ ቶምን ያገባችው በ1919፤ የታሪኩ በጋ ደግሞ 1922 ነው። ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ አልኮል መሸጥን በሕግ አግዳ እንደነበር ካልጨመራችሁበት የጋትስቢ ሀብት ምንጭ፣ ማለትም በመድኃኒት ቤቶች ሽፋን የሚሸጠው አልኮል፣ ምስጢር ሆኖ ይቀርባችኋል።

ዴዚ ላይ ክፍሉ በሙሉ ይጨክናል፤ እኔም ጨክኜ ነበር። የምመክራችሁ በምዕራፍ አራት ጆርዳን የምትተርከውን የሠርግ ዋዜማ ቀስ ብላችሁ እንድታነቡት ነው። ቶም ሦስት መቶ ሃምሳ ሺሕ ዶላር የሚያወጣ የዕንቁ ሐብል ሰጥቷታል። እርሷ ግን ሰክራ፣ አንድ ደብዳቤ በእጇ ጨብጣ፣ ሠርጉ እንዲሰረዝ እየለመነች ትገኛለች። ገላዋን ያጥቧታል፤ ደብዳቤው በመታጠቢያው ውኃ ውስጥ እስኪበጣጠስ ድረስ አትለቀውም። በማግስቱ ሐብሉን አጥልቃ ታገባለች። በምዕራፍ ሰባት፣ በፕላዛ ሆቴል በዚያ ወበቅ ውስጥ፣ ጋትስቢ ቶምን ፈጽሞ ወድጄው አላውቅም እንድትል ሲያስጨንቃት ሁለቱንም ወድጃለሁ ትላለች። ከዚህ የበለጠ እውነት የተናገረ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የለም ባይ ነኝ። ጋትስቢ የፈለገው ከቶም ጋር የኖረችባቸውን ዓመታት እንድትሰርዝለት ነበር። ከዚያ በኋላ የፈጸመችውን ጥፋት ይህ አያጥበውም፤ ግን ገጿ ላይ ሁለቱም መስፈር አለባቸው።

አሁን ኒክ። ታሪኩን በሙሉ የምናየው በእርሱ ዓይን ስለሆነ አንጻርን ያልመረመረ ተማሪ ምንም አልመረመረም። በመጀመሪያው ገጽ በሰው ላይ አልፈርድም ያለው ሰው ከዚያ በኋላ ያገኘውን ሁሉ ሲፈርድበት ይታያል። በምዕራፍ ሦስት መጨረሻ ከማውቃቸው ጥቂት ሐቀኞች አንዱ ነኝ ይላል፤ ይህን የሚለው በትውልድ ስፍራው ካለች ልጅ ጋር ያለውን ነገር ሳይቋጭ ከጆርዳን ጋር በጀመረበት ጊዜ ነው። የሩቅ ዘመዱ ለሆነችው ለዴዚና ለጋትስቢ መገናኛ ቤቱን ያበድራል። ሜርትል ከሞተች በኋላ መሪውን የያዘው ማን እንደነበር እያወቀ በአስከሬን ምርመራው ጊዜ ዝም ይላል። በመጨረሻም ቶም የጋትስቢን ገዳይ ዊልሰንን ወደ ጋትስቢ የመራው እርሱ መሆኑን ሲያምንለት እውነቱን ሳይነግረው ይቀራል፤ መጀመሪያ የነሣውን እጁንም መልሶ ይጨብጠዋል። ኒክ ውሸታም ነው አልልም። ነገር ግን ጋትስቢን «ታላቅ» ያሰኘው የእርሱ ፍቅር መሆኑን አትርሱ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች በመጨረሻ አንብቧቸው ያልሁት ለዚህ ነው፤ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ራሱን የሚከላከል ሰው ድምፅ ይሰማችኋል።

ለእኛ ዝም ብሎ ማለፍ የሚከብድ ሌላም ጉዳይ አለ። ቶም በመጀመሪያው እራት ላይ ነጮች በሌሎች ሊዋጡ ነው የሚል መጽሐፍ ጠቅሶ ይፎክራል። ፊትዝጄራልድ የመጽሐፉን ርእስ ቢፈጥረውም በ1920 ሎትሮፕ ስቶዳርድ ያሳተመው እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ በአገሩ ይነበብ ነበር፤ ልብ ወለዱ ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት ደግሞ የ1924ቱ የስደተኞች ሕግ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡትን አጥብቦ፣ እስያውያንን ከሞላ ጎደል ዘግቷል። ቶምን መጽሐፉ ይስቅበታል። ይሁንና በምዕራፍ አራት ነጭ ሾፌር የሚነዳላቸውን ጥቁሮች ድልድዩ ላይ አይቶ የሚስቀው ኒክ ነው፤ አይሁዳዊውን ዎልፍሻይምን በአፍንጫው የሚገልጸውም ኒክ ነው፤ እዚያ ላይ መጽሐፉ የሚስቀው በማን እንደሆነ ግልጽ አይደለም። በክፍላችን እኔ እስካነሣው ድረስ ስለ ድልድዩ የተናገረ አልነበረም። አንሡት። የቶምን፣ የኒክንና የደራሲውን አመለካከት ለይታችሁ ከመጽሐፉ ገጽ እየጠቀሳችሁ ከተናገራችሁ ማንም ስሜታዊ ሆናችኋል ሊላችሁ አይችልም። ስደተኞቹንም ፈልጓቸው፦ የኒክን አልጋ የምታነጥፈውና ቁርስ የምትሠራው፣ ስሟ እንኳ ያልተነገረን ፊንላንዳዊት ሴት፤ ከአመዱ ዳር ቡና ቤት ያለው፣ ሜርትል የሞተችባትን ሌሊት ከዊልሰን ጋር ያነጋውና ዋና ምስክር የሆነው ወጣቱ ግሪካዊ ሚካኤሊስ።

ማስጠንቀቂያ ቢጤም ልጨምር። ስሙን ለውጦ፣ ከገጠር ወጥቶ፣ ከባዶ ተነሥቶ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት የገዛ ሰው ታሪክ ለስደተኛ አንባቢ እጅግ ቅርብ ነው፤ ይህ ቅርበት ያነቃችኋል፣ ያሳውራችኋልም። በምዕራፍ ዘጠኝ የጋትስቢ አባት ሄንሪ ጋትዝ ለቀብር ሲመጡ የልጃቸውን ቤት ፎቶግራፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለኒክ ያሳዩታል። ፎቶው ከመታየት ብዛት ጠርዙ ተሰነጣጥቆ፣ በብዙ እጅ ቆሽሿል፤ ቤቱ ራሱ እፊታቸው ቆሞ ሳለ እርሳቸው የሚያሳዩት ፎቶውን ነው። ልጃቸው ከሁለት ዓመት በፊት ሄዶ እንደጠየቃቸውና የሚኖሩበትን ቤት እንደገዛላቸውም ይናገራሉ። ይህን ሳነብ አገር ቤት ያሉ አባቶችና እናቶች በስልካቸው የሚያሳዩት የልጅ ፎቶ፣ መኪና ተደግፎ የተነሣው፣ በዓይኔ መጣ፤ ብዙ ጊዜም ገጹን ማለፍ አቃተኝ። ለጽሑፋችሁ ግን የሚጠቅመው ቀጣዩ እርምጃ ነው፦ አባትየው ስለ ገንዘቡ ምንጭ የማያውቁትን እኛ እናውቃለን። ልብ የሚሰብረው ምጸት ያለው በዚያ ልዩነት ላይ ነው፤ በናፍቆት ብቻ ያነበበ ሰው ያልፈዋል።

በሜሪላንድ ለምትኖሩ አንድ ነገር ላንሣ። የፊትዝጄራልድ የአባቱ ወገን የሜሪላንድ ሰዎች ነበሩ። በዲሴምበር 1940 በሆሊውድ በአርባ አራት ዓመቱ ሲሞት አስከሬኑ ወደ ሮክቪል መጣ፤ መጀመሪያ ካቶሊካዊ ባልሆነ መቃብር ተቀብሮ በ1975 ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ። ከሮክቪል ሜትሮ ጣቢያ በእግር ቅርብ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ሳትቀይሩ ትደርሳላችሁ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የልብ ወለዱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው። ሲሞት መጽሐፉ ከአንባቢ ተረስቶ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ወታደሮች በብዙ አሥር ሺሕ ቅጂዎች በነጻ ከታደለ በኋላ ነው እንደገና የተነሣው። ለጽሑፋችሁ ውጤት አይጨምርም፤ ለማንበብ ጉልበት ግን ይሰጣል።

ወደ ጽሑፉ ሥራ ስትገቡ የመነሻ ሐሳባችሁ አንድ ብልህ ሰው «አይ፣ አልስማማም» ሊለው የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። «ጋትስቢ ዴዚን ይወዳል» በሚለው ማንም አይከራከርም፤ «ጋትስቢ በመጨረሻዋ ሰዓት የቆመው ከሚያጸዱት ጋር ነው» በሚለው ግን ይከራከራሉ። ረጅም ጥቅስ አትገልብጡ፤ ሦስት አራት ቃል ጠቅሳችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተንትኑ። ሴራውን አትተርኩ፤ መምህሩ መጽሐፉን ያውቁታል። ሰዋስው የሚያሰጋችሁ ከሆነ የኮሌጁን የጽሕፈት ማእከል ቀጠሮ ጽሑፉ ከሚገባበት ቀን ብዙ አስቀድማችሁ ያዙ፤ በመጨረሻው ሳምንት ቦታ አይገኝም። የሌሊት ፈረቃ ያላችሁ ደግሞ ምዕራፍ ሰባትን ለዕረፍት ቀናችሁ አቆዩት፤ ከሁሉም ረጅሙ እርሱ ነው፣ ተቆራርጦም አይነበብም። ማን በማን መኪና ወደ ከተማ እንደሄደና በማን መኪና እንደተመለሰ እየጻፋችሁ አንብቡት፤ ሜርትል ቢጫውን መኪና በቀን ቶም ሲነዳው ስላየችው ነው ማታ ወደ እርሱ የሮጠችው።

እኔ ያልተከተልኋቸው፣ ማንም ሊወስዳቸው የሚችል ሌሎች ክሮች አሉ። የመኪናና የነጂዎች ጉዳይ አንዱ ነው፤ ከምዕራፍ ሦስት የተገነጠለ ጎማ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። የአየሩ ጠባይም እንዲሁ፤ በዝናብ ተገናኝተው በወበቅ ይለያያሉ። ከሁሉም ግን እኔን የሚያጓጓኝ ስልኩ ነው። ይህን የሚመርጥ ተማሪ ሜርትል በእራት ሰዓት ከምትደውልበት ከምዕራፍ አንድ ይጀምር፤ ጋትስቢ በመዋኛው ዳር የሚጠብቀውንና ያልመጣውን ጥሪ ይጨምር፤ በምዕራፍ ዘጠኝ ከቺካጎ ሲደወል ኒክ ዴዚ ናት ብሎ ሲያነሣው የማይታወቅ ወንድ ድምፅ ስለተያዘ ሌባ የሚያወራበትንም እንዳይዘልለው።